በገዛ እጄ የጻፍኩት ቃለ ጉባኤ

ካምፕ የገባነው በነሐሴ የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ለፋብሪካው የእግር ኳስ ቡድን ማረፊያ የተሰጠው ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ያለ፣ ባለቤቶቹ ከአገር ከወጡ በኋላ መንግሥት የወረሰው ቪላ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ አሥራ አራት፣ ሁለቱ መኝታ ቤቶች ውስጥ ደግሞ አምስት አምስት የብረት አልጋዎች ተደርድረዋል። የእኔ አልጋ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ነበር። የመስኮቱ አንድ መስታወት ስለወለቀ በቦታው ካርቶን ተወትፏል። ዝናብ ሲመታው ካርቶኑ አብጦ ወደ ውስጥ ይቆለመማል፤ ጠዋት ጠዋት አቅንቼ መልሼ እወትፈዋለሁ።

ሃያ አራት ነበርን። ለውድድሩ የሚመዘገቡት ግን አሥራ ስምንት ብቻ ናቸው። አሠልጣኛችን ይህን የነገሩን በመጀመሪያው ቀን ጠዋት በረንዳው ላይ አሰልፈው ነው። ረጅም፣ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም።

«አሥራ ስምንት ማልያ ነው ያለኝ» አሉ። «ስድስታችሁ ከዕንቁጣጣሽ በፊት ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ። እነማን እንደሆኑ እኔም አላውቅም። ስለዚህ ሁላችሁም ሩጡ።»

የምጫወተው ስድስት ቁጥር ነው። ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ የባላጋራን መንገድ የሚዘጋ፣ ኳስ ነጥቆ ከእሱ የተሻለ ለሚችል የሚያቀብል ማለት ነው። ለዚህ ቦታ ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አሠልጣኙ የሚመዘግቡት ደግሞ አንድ ብቻ ነው። አንዱ ቢጎዳ መሐል ተከላካዩ ይሸፍነዋል ብለዋል። የተመዘገበ በፋብሪካው ይቀጠራል። እኔ ሥራ አልነበረኝም። ቢሆንም በዚያ ወር ስለ ሥራ ብዙ ማሰቤን አላስታውስም፤ የማስበው ስለዚያ ቦታ ነበር።

የመጣሁት ከገርጂ፣ ከሰፈር ቡድን ነው። ኳስ ያስተማረኝ ሰው የለም። መርካቶ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ የኳስ መጽሐፍ ገዝቼ፣ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ለሰባት ወር አንብቤው ነበር። ስድስት ቁጥር ኳስ ከመቀበሉ በፊት በቀኝና በግራ ትከሻው ወደ ኋላ ማየት እንዳለበት የተረዳሁት ከዚያ ነው። ልምድ እንዲሆነኝ መንገድ ላይ ስሄድ ሁሉ በየአሥር እርምጃው ወደ ኋላ እመለከት ጀመር። በዚያ ዘመን ደግሞ መንገድ ላይ እየተገላመጠ የሚሄድ ሰው በደግ አይጠረጠርም። አንድ ቀን የቀበሌ ጥበቃ አስቆመኝ፤ ማን እንደሚከተለኝ ጠየቀኝ። ኳስ መሆኑን ባስረዳውም አላመነኝም፤ መታወቂያዬን ሁለት ጊዜ አገላብጦ አይቶ ለቀቀኝ።

ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ በደብተሬ አንድ ገጽ እጽፍ ነበር። ስንት ኳስ ነጠቅሁ፣ ስንት አስነጠቅሁ፣ በየትኛው እግር፣ ወደየት ጎን። ማንም አላዘዘኝም። ካልጻፍኩት የሠራሁት ነገር ስለማይታወቀኝ ነው።

የምንለማመድበት ሜዳ ከቦሌ ሚካኤል በታች፣ በአውሮፕላን ማረፊያው አጥር አቅጣጫ ነበር። ጠዋት ከብቶቹን አባርረን ነው የምንጀምረው። አውሮፕላን ሲነሣ የአሠልጣኙ ድምፅም ፊሽካቸውም አይሰማም፤ አፋቸው ብቻ ሲንቀሳቀስ ይታያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እኔ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ምን እንዳሉ ለማወቅ እቆም ነበር።

«አውሮፕላኑ አንተን አልጠራህም» አለኝ ለዚያው ቦታ የሚፎካከረኝ ነባር ተጫዋች በአጠገቤ እያለፈ። «ተጫወት።»

በቡድኑ ውስጥ ስምንት ዓመት ቆይቷል። ሠላሳን አልፏል፤ ቀልደኛ ነው፤ ቁመቱ ከእኔ በአንድ ጭንቅላት ይበልጣል። ኳስ ወዴት እንደምትሄድ ከኳሷ በፊት ያውቃል፤ ስለዚህ አይሮጥም፣ ይራመዳል። የሚራመደው ግን ለዚህ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት በአራተኛው ቀን ነው። ፊቴን ልታጠብ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስገባ፣ የቡድኑ ወጌሻ አጎንብሰው ቀኝ ጉልበቱን በሞቀ ውሃና በቅባት ያሹለታል። ጉልበቱ ከሌላኛው እጥፍ ያክላል። ነባሩ ቀና ብሎ አየኝ።

«አየኸኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ጋሼ አትበለኝ፤ ጋሼ ስትለኝ ጉልበቴ ይብሳል።»

ወጌሻው ሳይስቁ ማሸታቸውን ቀጠሉ። እኔም ታጥቤ ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም። እሱም አትናገር አላለኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ልምምድ በኋላ፣ የቪላው ጋራዥ ውስጥ ስብሰባ ነበር። ስብሰባውን የሚመራው የፋብሪካው የውይይት ክበብ ሰብሳቢ ነው፤ ወጣት ነው፣ ካኪ ኮት ይለብሳል፣ ሁልጊዜ ሰዓቱን ያከብራል። መጀመሪያ ከጋዜጣ ይነበባል፤ ቀጥሎ ሂስና ግለ ሂስ ይደረጋል። እያንዳንዱ ተነሥቶ በሳምንቱ ውስጥ ያጠፋውን ይናገራል፤ ከዚያ ሌላው ስለ እሱ ያለውን ይጨምራል። ሁሉም በቃለ ጉባኤ ይያዛል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሰብሳቢው «ጽሑፉ የሚነበብ ማን አለ?» ብሎ ጠየቀ።

በረኛችን በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «እሱ ነዋ። ከኳስ ደብተር ይወዳል።»

ተሳቀ፤ እኔም ጸሐፊ ሆንኩ። ባለ ካርቦን መዝገብና ሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰጠኝ።

በረኛው ተነሥቶ፣ ማክሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሁለት ደቂቃ መዘግየቱን፣ ይህም የዲሲፕሊን ጉድለት መሆኑን ተናግሮ ተቀመጠ። አንዱ አጥቂ የሻይ ኩባያውን ሳያጥብ መተዉን ተናገረ። ነባሩ ደግሞ እጁን አጣምሮ፣ በጋዜጣ ንባብ ሰዓት መሳቅ እንደሚያበዛና ራሱን እንደሚያርም ቃል ገባ። ስለ ጉልበቱ አንድም አላነሣም። ለእያንዳንዳቸው የጻፍኩት አንድ አንድ መሥመር ነው፤ የተናገሩት ያን ያህል ስለሆነ።

«ጓድ ጸሐፊ፣ አንተስ?»

ደብተሬን ገለጥኩ። የተጠየቅሁት ጥፋቴን ነው፤ ጥፋቴ ደግሞ እዚያ ተጽፏል። በግራ እግሬ ከሃያ ሜትር በላይ ኳስ ማሻገር እንደማልችል፣ በሳምንቱ በግራ ከሞከርኳቸው አሥራ አንድ ኳሶች ዘጠኙ ለባላጋራ መድረሳቸውን፣ በአየር ላይ ለሚመጣ ኳስ ቁመቴ ስለማይበቃ ከሦስት ሁለቱን እንደምሸነፍ፣ ሲደክመኝም ወደ ኋላ ማየት እንደምረሳ አንድ በአንድ አነበብኩ።

አንድ ሰው ሳል ያዘው። አሠልጣኙ በሩ አጠገብ ቆመው ጫማቸውን ይመለከቱ ነበር።

«ይኼ ነው ግለ ሂስ» አለ ሰብሳቢው። «በቁጥር፣ በማስረጃ። የሻይ ኩባያ የምትሉት ሁሉ ከዚህ ጓድ ተማሩ።»

ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልችልም። ያልኩትን አንድም ሳላስቀር ወደ መዝገቡ ገለበጥኩ፤ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ከሥሩ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

ምሳ ላይ ነባሩ ሳህኑን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የፍልሰታ ጾም ስለነበር የአብዛኞቻችን ሳህን ላይ ያለው ሽሮ ነው።

«ለምን እንዲህ አደረግህ?»

«እውነት ነው እኮ።»

«እውነት መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ ሳይህ ነው የሰነበትኩት። የማይጎዳ እውነት ጠፍቶ ነው? ብርድ ልብሴን ሳላጥፍ ወጣሁ አትልም?»

«ብርድ ልብሴን ሁልጊዜ አጥፋለሁ።»

እንጀራውን ጠቅልሎ አፉ ጋ አድርሶ ቆመ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቢያንስ አሳጥረህ አትጽፈውም ነበር? እስክሪብቶው ያለው አንተ እጅ ላይ» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ይህ ፈጽሞ አልታሰበኝም ነበር።

ከአሥር ቀን በኋላ፣ ጠዋት ልምምድ ስንጨርስ፣ አሠልጣኙ ሌሎቹን ልከው እኔን አስቀሩኝ። ከሜዳው ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቆመን ታኬታዬ ላይ የተጋገረውን ጭቃ በእንጨት እፍቅ ነበር።

«ለስድስት ቁጥር አንተን ይዤ ነበር» አሉኝ። «ነበር» የምትለዋን ሰምቼ እንጨቱን ጣልኩት።

«የፋብሪካው የስፖርት ኮሚቴ ዝርዝሩን ከማጽደቁ በፊት ቃለ ጉባኤውን ያያል። አዩት። ራሱ አልችልም ብሎ የፈረመውን ልጅ እኛ ይችላል ብለን እንዴት እንፈርማለን ነው የሚሉኝ። ምን ልበላቸው?»

«ሁሉም ጉድለት አለበት ጋሼ።»

«አለበት። የተጻፈው ግን ያንተ ነው።»

«የሱ ምን ይላል?» አልኩ። የማንን እንደምል ገብቷቸዋል።

«የሱ? መሳቅ ያበዛል ይላል። በሳቅ ኳስ አይነጠቅም።»

ደብተሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ያለፉትን ቀናት ገጾች አሳየኋቸው። ከምሳ በኋላ ሌላው ሲያርፍ እኔ የቪላውን የጀርባ ግንብ በግራ እግሬ ስመታ ነበር የከረምኩት፤ በዚያ ሳምንት በልምምድ ላይ በግራ ካሻገርኳቸው አሥራ አራት ኳሶች ዘጠኙ ደርሰዋል። አሠልጣኙ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱንም ገጽ አነበቡ። ደብተሩን ሲመልሱልኝ በሁለት እጃቸው ነበር።

«ቅዳሜ ተነሥተህ ተናገረው። ያንንም ያንብቡት።»

ቅዳሜ ተነሥቼ ተናገርኩ። ቁጥሮቹን አነበብኩ። ሰብሳቢው እስክጨርስ ጠበቀኝ፤ ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ትምህርት የሚደግም አስተማሪ ነበር የሚመስለው።

«ጓድ፣ ግለ ሂስ ማለት ራስን መውቀስ ነው። ራስን ማወደስ የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው። ጥፋትህን ስትናገር አመንንህ፤ ሰው በራሱ ላይ አይዋሽም። ልማትህን ስትናገር ግን ምስክር ያስፈልጋል።»

«እኔ አይቻለሁ» አለ ነባሩ ከኋላ አግዳሚ ወንበር። ተነሥቶ ቆመ፤ ክብደቱን በግራ እግሩ ላይ አድርጎ። «ግራው ተስተካክሏል። እኔ ራሴ ያሻገረውን ተቀብያለሁ።»

«አንተ ለአንድ ቦታ ተፎካካሪው አይደለህም?»

«ነኝ። ለዚህማ ልታመን ይገባኝ ነበር።»

ሳቅ ተነሣ። ሰብሳቢው በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን መታ።

«ተፎካካሪ ተፎካካሪውን ሲያሞግስ ቡድንተኝነት ይባላል። ይልቅ» አለና ወደ እኔ ዞረ፤ «አንተ ስለ እሱ የምትሰጠው ሂስ አለህ? ሲስቅ ብቻ ነው የምናውቀው።»

ሁሉም ወደ እኔ ተመለከቱ። ነባሩ እንደቆመ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። ማረጋገጫውም ሩቅ አይደለም፤ ሱሪውን ወደ ላይ መሰብሰብ ብቻ ነው። መዝገቡ ፊቴ ተዘርግቷል፤ እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። ያልተናገርኩት ደግ ስለሆንኩ እንደሆነ ልጽፍ አልችልም። የዚያን ቀን የተሰማኝ ደግነት አልነበረም፤ ሌላው ሰው ስለ ገዛ አካሉ ያልተናገረውን እኔ የምናገርበት ቃል አላገኘሁም። እስካሁንም አላገኘሁትም።

«የለኝም» አልኩ።

«ጻፈው እንግዲህ።»

«ጸሐፊው ሂስ የለኝም አለ» ብዬ ጻፍኩ።

ዕንቁጣጣሽ ሊገባ ሲል፣ ዓርብ ዕለት፣ ከአንድ የጦር ክፍል ቡድን ጋር የመጨረሻውን የወዳጅነት ግጥሚያ አደረግን። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሜዳው ጨቅይቷል። የስፖርት ኮሚቴው ሦስት ሰዎች በፋብሪካው ላንድሮቨር መጥተው በዳር ወንበር ተደረገላቸው። ነባሩ ጀመረ። ጎበዝ ነበር። በጭቃው ውስጥ እየተራመደ አራት ጊዜ ኳስ ሲያቋርጥ ቆጥሬያለሁ። እኔ በተቀያሪዎች ወንበር ላይ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ ተቀምጬ ነበር።

ዕረፍት ሲሆን ወጌሻው ወደ አሠልጣኙ ጠጋ ብለው በጆሯቸው አንድ ነገር ነገሯቸው። አሠልጣኙ በጣታቸው ጠሩኝ።

አርባ አምስት ደቂቃ ተጫወትኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተጫውቼ አላውቅም። አላጋንንም፤ ማታ በደብተሬ የጻፍኩትን ነው የምናገረው። አሥራ ሦስት ኳስ ነጠቅሁ፤ ሁለት አስነጠቅሁ። ወደ ኋላ ማየት አንድም ጊዜ አልረሳሁም። ወደ መጨረሻው ላይ መሐል ሜዳ አጠገብ ኳስ በግራዬ መጣች፤ ወደ ቀኜ ለማዞር ጊዜ አልነበረም፤ እንዳለች በግራ መታኋት። በሁለት ተከላካዮች አናት አልፋ የክንፍ ተጫዋቻችን እግር ሥር ወደቀች። እሱም አገባት። ከግጥሚያው በኋላ ሄጄ በእርምጃ ለካሁት፤ አርባ ሁለት እርምጃ ሆነ።

ግቡ ሲገባ መጀመሪያ የተመለከትኩት ወደ ኮሚቴዎቹ ወንበር ነው። ሦስቱም ወንበሮች ባዶ ነበሩ። በዕረፍት ሰዓት ሻይ ጠጥተው ስብሰባ አለብን ብለው መሄዳቸውን በረኛው ነገረኝ።

አሠልጣኙ ሁሉንም አይተዋል። ጨዋታው ሲያልቅ መጥተው እጃቸውን አናቴ ላይ ጫኑ። ጥቂት አቆዩት። ከዚያ ማልያዎቹን ለመቁጠር ሄዱ።

በማግስቱ ጋራዡ ውስጥ ሃያ አራታችንም ተቀመጥን። ሰብሳቢው በኮሚቴው ማኅተም የተመታ አንድ ወረቀት ከኮቱ ኪስ አወጣ።

«የማነበውን በአጀንዳ ሁለት ሥር ያዝ» አለኝ። «በተራ ቁጥር።»

ያነበበውን እየተከተልኩ ጻፍኩ። አንድ ብዬ በረኛውን ጻፍኩ። ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ወረድኩ። የአያት ስም የጎደለባቸው ሁለት ነበሩ፤ አስቁሜ ጠየቅሁና ሞላሁ። ዘጠነኛው ላይ የነባሩን ስም ጠራ። ስሙን ጻፍኩ፤ በኋላ መዝገቡን ስመለከት ጽሕፈቱን ከላይኛዎቹ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ነው ያገኘሁት። እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ቀኝ እግሩን ወደፊት ዘርግቷል። ስሙ ሲጠራ ቀና አላለም። አሠልጣኙ በሩ አጠገብ ቆመው ውጭ ውጭውን ያያሉ።

አሥራ ስምንተኛው ከተጠራ በኋላ ሰብሳቢው ወረቀቱን አጠፈ። ሌላ ስም እንዳይጨመር ከአሥራ ስምንተኛው በታች ሁለት መሥመር ማስመር የጸሐፊ ደንብ ነው። በማስመሪያ አሰመርኩ።

«ቆጥረህ አረጋግጥ።»

«አሥራ ስምንት ነው።»

«አንብበው፤ ሁሉም ይስማ።»

አነበብኩ። ያልተጠሩት አምስቱ እንዳነበብኩ መሬት መሬቱን አዩ። እኔ ስድስተኛው ነኝ፤ እኔ ግን የማየው ገጹን ነበር።

«አጀንዳ ሦስት» አለ ሰብሳቢው። አሁን ፈገግ ብሏል፤ ስጦታ የያዘ ሰው ይመስላል። «ኮሚቴው የቃለ ጉባኤውን አያያዝ አድንቋል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ቢሮም ውስጥ የለም ብለዋል። ስለዚህ ጓድ ጸሐፊ አይሰናበትም። ከሰኞ ጀምሮ በፋብሪካው ተቀጥሮ የቡድኑ ቋሚ ጸሐፊ ይሆናል። ግጥሚያ በተደረገ ቁጥር ከቡድኑ ጋር ሜዳ ይገባል፤ ከተቀያሪዎች ጎን ተቀምጦ ይመዘግባል። ይህንንም ጻፈው።»

አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። በረኛው ትከሻዬን መታ መታ አደረገ፤ ለእኔ ደስ ብሎት ነው። ነባሩ አሁን ቀና ብሎ ያየኝ ነበር፤ ከንፈሩ ተላቆ አንድ ነገር ሊል የነበረ ይመስለኛል። እንድናገር እየጠበቀኝ እንደሆነም አስቤያለሁ። መጫወት እፈልጋለሁ ማለት ይቻል ነበር። ግን ተራው የጸሐፊ አልነበረም፤ ሰብሳቢው የሚያየው ሌሎቹን ነው። ቤት ደግሞ ሥራ አገኘ የሚለውን ወሬ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።

የገዛ ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩ። ከስሜ ቀጥሎ «የቡድኑ ቋሚ ጸሐፊ ሆኖ እንዲሠራ ተወሰነ» አልኩ።

«ተቃውሞ አለ?» ብሎ ሰብሳቢው ጋራዡን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በአገጩ መዝገቡን አመለከተኝ።

ተቃውሞ አልቀረበም ብዬ ጻፍኩ።